ሲዘረጋ መሐሉ ገደል የሚሆን ሶፋ አልጋ፦ ጥፋቱ ከብረቱ ሳይሆን ከማጠፊያው ቦታ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደሴ ውስጥ የብረትና የእንጨት ሥራ አለኝ። ጀርባው ወደ ኋላ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ሶፋ ሠራሁ። ርዝመቱ 190፣ መቀመጫው 60፣ ጀርባው 58 ሳ.ሜ ነው። ፍሬሙ 40 በ20 ሚ.ሜ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ማጠፊያው የበር ማጠፊያ፣ ስፖንጁ 10 ሳ.ሜ። ሲዘረጋ መሐሉ ላይ 9 ሳ.ሜ ያህል ክፍተት ይተዋል፤ አንዱ ጎን ቀድሞ ይወርዳል፤ በጀርባው በኩል ሰው ሲተኛ የፊቱ እግር ይነሣል። ሁለት ደንበኞች መለሱልኝ። ቱቦላሬውን ባወፍረው ይስተካከላል? የአንድ ሰው ወንበርንስ ወደ አልጋ እንዴት ልቀይረው?»

ወንድሜ፣ አብሽር፤ ሶፋዎቹ ይድናሉ። ቱቦላሬውን ግን አታወፍር። የዘረዘርካቸው ሦስቱም ችግሮች የብረት ማነስ ሳይሆኑ የቦታ ስሕተት ናቸው፤ የመዞሪያው ቡሎን፣ መቆለፊያውና የኋላው እግር ያለቦታቸው ተቀምጠዋል። በ3 ሚ.ሜ ብረት ደግመህ ብትሠራው ያው ገደል፣ ያው መገልበጥ ነው የሚገጥምህ፤ የሚጨምረው የተሸካሚው ላብ ብቻ ነው።

ከገደሉ እንጀምር። ሁለት የክብሪት ቀፎ ውሰድና ጎን ለጎን አጋጥማቸው። በላይኛው ፊታቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈህ አንዱን ወደ ላይ አንሣው፤ ሳይታገል ይነሣል፣ መልሰህ ስትዘረጋውም ክፍተት የለም። አሁን ፕላስተሩን ላጥና ከሥር ለጥፈው። የላይኛው ጠርዞች ይጋጫሉ፣ አይነሣም። እንዲነሣ ቀፎዎቹን ማራራቅ አለብህ፤ ስትዘረጋቸው ያ ያራራቅኸው ቦታ መሐሉ ላይ ገደል ሆኖ ይቀራል።

የአንተ ሶፋ ፕላስተሩ ከሥር የተለጠፈው ነው። የበር ማጠፊያውን ቱቦላሬው ላይ ስለበየድከው መዞሪያው ከመኝታው ፊት በጣም ወርዷል። ከቱቦላሬው ወገብ ጀምረህ ወደ ላይ ቁጠር፤ የቱቦላሬው ግማሽ 2፣ የጣውላው ርብራብ 1.8፣ ስፖንጁ 10፣ በድምሩ 13.8 ሳ.ሜ። ጀርባው ከተዘረጋበት 180 ዲግሪ ተነሥቶ ለመቀመጥ የሚመቸው 105 ዲግሪ ላይ ሲቆም 75 ዲግሪ ዞሯል ማለት ነው። በዚህ ዙር የስፖንጁ የላይ ጠርዝ ወደ መቀመጫው የሚገፋው የዚያን ከፍታ 97 በመቶ ያህል፣ ማለትም ከ13 ሳ.ሜ በላይ ነው። ጥቂቱን ስፖንጁ ተጨምቆ ይውጠዋል፤ የቀረው አንተ የለካኸው 9 ሳ.ሜ ነው።

መዞሪያው ከመኝታው ፊት 3 ሳ.ሜ ብቻ ቢወርድ ክፍተቱም ከ3 ሳ.ሜ አያልፍም፤ ያንን ስፖንጁ ራሱ ይደፍነዋል። ከፊቱ ጋር እኩል ግን አታድርገው። ሰው ሲተኛበት ስፖንጁ ስለሚረግብ ቡሎኑ ከፊቱ በላይ ቀርቶ ጎን ይወጋል፣ አንሶላም ይይዛል።

ስለዚህ መዞሪያውን ከቱቦላሬው ወገብ 11 ሳ.ሜ ከፍ አድርገው። መሐል ላይ ማጠፊያ ማስገባት አትችልም፣ ስፖንጅ አለ፤ ሥራው ሁሉ በሁለቱ ዳር ይወድቃል። ለእያንዳንዱ ዳር ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ያስፈልግሃል፤ 50 በ6 ሚ.ሜ፣ ርዝመቱ 16 ሳ.ሜ። አንዱ በመቀመጫው ፍሬም ጫፍ፣ ሌላው በጀርባው ፍሬም ጫፍ ቆሞ ይበየድና ከላይ በቡሎን ይገናኛሉ፤ በሶፋው ክንድ ውስጥ ስለሚገቡ አይታዩም። ሁለቱ ብረቶች ጎን ለጎን እንጂ አንዱ በአንዱ ላይ ስለማይውሉ፣ የጀርባውን ፍሬም በእያንዳንዱ ዳር 8 ሚ.ሜ አሳጥረው፤ 6ቱ ለብረቱ፣ 2ቱ በመሐላቸው ለሚገባው ሮንዴላ (ቀለበት ብረት)። ሲዘረጋ በሁለቱ ፍሬሞች መካከል 3 ሳ.ሜ ይቅር፤ ስፖንጁን በየበኩሉ 1.5 ሳ.ሜ ከፍሬሙ አሳልፈህ ቁረጠው፣ መሐሉ ይገጥማል።

አንድ ነገር ልብ በል። መዞሪያው ከፍ ሲል፣ ጀርባው ቆሞ ሳለ ከመቀመጫው ኋላ ከታች 12 ሳ.ሜ ያህል ይከፈታል። ሳንቲሙ፣ ስልኩ፣ የልጆች ጫማ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ሲዘረጋም በብረቱ መሐል ይጨፈለቃል። ከመቀመጫው ፍሬም እስከ ጀርባው ፍሬም ላላ ያለ ጨርቅ ስፋበት። ሲዘረጋ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ሲነሣ ይወጠራል።

ቡሎኑ 12 ሚ.ሜ ይሁን፤ ጥርሱ እስከ ጭንቅላቱ የወጣውን አይደለም፣ አንገቱ ለስላሳ የሆነውን ምረጥ። ብረቱ የሚዞረው በቡሎን ጥርስ ላይ ከሆነ ጥርሱ እንደ ሞረድ ይፈገፍገዋል፣ ቀዳዳው ብዙ ሳይቆይ ሞላላ ይሆናል። በ8 ሚ.ሜ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ጀምረህ በ12 ጨርስ፣ በብየዳ አትብሳ። በብረቶቹ መሐል ሮንዴላ፣ ከውጭ ሌላ ሮንዴላና ባለ ናይለን ዳዶ። ተራ ዳዶ ከሆነ ሁለት አድርገህ አቆላልፍ፤ አለዚያ በየመታጠፉ ትንሽ ትንሽ እየላላ ይወልቃል። ጠብታ ግራሶ ይበቃል፤ ከበዛ ጨርቁ ይጠጣዋል።

አሁን አንዱ ጎን ቀድሞ የሚወርድበት። ዋናው ምክንያት የግራና የቀኝ መዞሪያዎች በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸው ነው። በሜትር ለክቶ ግራውን ጨርሶ መበየድ፣ ከዚያ ወደ ቀኙ መሄድ ትልቁ ስሕተት ነው። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስበዋል፣ 2 ሚ.ሜ የሄደ መዞሪያ ደግሞ 190 ሳ.ሜ ማዶ ያለውን ያስጨንቃል። እንዲህ አድርገው፦ 2 ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጥ ያለ የ12 ሚ.ሜ ለስላሳ ብረት ፈልግ (ፌሮ አይሆንም፣ ጎርባጣ ነው)፤ በአራቱም ጠፍጣፋ ብረቶች ቀዳዳ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አሳልፈው፤ ፍሬሞቹን በደልዳላ ወለል ላይ አስተኝተህ አራቱንም በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዛቸው። ብረቱን ሳታወጣ ጀርባውን አንሣና አውርድ። ካልተንጠለጠለና ካልጮኸ ጨርሰህ በይድ፤ አንድ ግራ፣ አንድ ቀኝ እያፈራረቅህ፣ ባንዱ ቦታ ከ2 ሳ.ሜ በላይ ሳትቀጥል። ለ1.5 ሚ.ሜ ቱቦላሬ የ2.5 ኤሌክትሮድ በ60 አምፔር አካባቢ ይበቃል፤ ስፋቱን በትዕግሥት እንጂ በአምፔር አታምጣው፣ ይበሳል።

ከዚያ በፊት ፍሬሞቹ ራሳቸው ስኳድራ (አራቱም ጥግ 90 ዲግሪ) መሆናቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ለክተህ አረጋግጥ። 190 በ60 ከሆነ ከጥግ ወደ ጥግ 199.2 ሳ.ሜ፣ 190 በ58 ከሆነ 198.7 መምጣት አለበት (ጀርባውን ካሳጠርከው ቁጥሩ ይቀንሳል)። ቁም ነገሩ ሁለቱ የጥግ ለጥግ ልኬቶች እርስ በርስ እኩል መሆናቸው ነው፤ ከ3 ሚ.ሜ በላይ ከተለያዩ ይሁን ብለህ አትለፈው።

ሁለተኛው ምክንያት መጠምዘዝ ነው። ደንበኛው ጀርባውን ከመሐል አያነሣም፤ ከቆመበት ዳር ይዞ ይስባል። ኃይሉ ወደ ሌላው ዳር የሚደርሰው በጀርባው የታችኛ ቱቦላሬ በኩል ነው፣ ይህም ይጠመዘዛል። ብረት መጨመር የሚገባው እዚህች አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ውፍረቱን ግን ሳይሆን ቅርጹን። ያችን አንድ ዘንግ በ40 በ40 ቀይራት፤ በዚያው 1.5 ሚ.ሜ ውፍረት መጠምዘዝን ከሦስት እጥፍ በላይ ትቋቋማለች።

ገበያ ላይ ጥንድ ሆኖ የሚሸጠውን ባለጥርስ ማጠፊያ የምትጠቀም ከሆነ ሌላም አለ። እሱ የሚሠራው ሽቅብ እያንቀጫቀጨ፣ መጨረሻው ጥርስ ካለፈ በኋላ ተለቆ ወደ ታች እየወረደ ነው። ግራው በአንድ ጥርስ ከቀደመ ጀርባው ጠማማ ይቆማል። አትታገለው፤ ወደ ፊት እስከ መጨረሻው አጥፈህ ሁለቱንም ልቀቃቸውና ከዜሮ አስጀምራቸው። ይህን በወረቀት ጽፈህ ለደንበኛው ብትሰጠው ብዙ የጥገና ጥሪ ይቀርልሃል።

መቆለፊያውን ራስህ የምትሠራ ከሆነ ከመዞሪያው አርቀው። ጀርባውን ተደግፎ የሚገፋ ሰው 45 ሳ.ሜ ከፍታ ላይ 40 ኪሎ ያህል ቢገፋ፣ መቆለፊያው ከመዞሪያው 4 ሳ.ሜ ላይ ካለ በሁለቱ ዳር እያንዳንዱ 225 ኪሎ ይሸከማል። 12 ሳ.ሜ ላይ ካለ 75 ኪሎ ብቻ። የሚላላውና የሚንኳኳው ሶፋ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። የሩብ ክብ ላሜራ 5 ሚ.ሜ፣ በ105 እና በ130 ዲግሪ ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ በሞላ የሚገፋ 12 ሚ.ሜ ፒን በቂ ነው። ለ180 ዲግሪ ቀዳዳ አትብሳለት፤ ተኝቶ ያለን ሰው ፒን መሸከም የለበትም። እዚያ ከታች የሚያርፍበት ማቆሚያ በይድ፣ በላዩ የ10 ሚ.ሜ ቡሎን በዳዶ አቁም። ሁለቱ አካላት እኩል ካልተኙ ቡሎኑን ዙር ሁለት ዙር አድርገህ ታስተካክለዋለህ፤ መዶሻ አያስፈልግም።

ጣት የሚገባበትን ክፍተት ሁሉ ፈትሽ። በሚንቀሳቀሱ ብረቶች መካከል ያለው ወይ ከ6 ሚ.ሜ ያነሰ ወይ ከ25 ሚ.ሜ የሰፋ ይሁን። መሐል ያለው ልኬት የልጅ ጣት ያስገባና አያስወጣም።

መገልበጡ ቀላል ሒሳብ ነው። የኋላው እግርህ ከመዞሪያው ሥር ነው ያለው። መቀመጫውና መቆሚያው በግምት 32 ኪሎ፣ የክብደቱ መሐል ከእግሩ 30 ሳ.ሜ ወደ ፊት፤ ማባዛቱ 960። ከዚህ የተዘረጋው ጀርባ የራሱን 18 ኪሎ በ29 ሳ.ሜ ይቀንስብሃል፤ 438 ይቀራል። 80 ኪሎ ሰው በጀርባው አጋማሽ፣ 29 ሳ.ሜ ላይ ሲተኛ 2320 ነው። 438 ለ2320፤ የፊቱ እግር ባይነሣ ነበር የሚገርመው።

መፍትሔው ቦታ ሳይጨምር ይገኛል። ጀርባው ቆሞ ሳለም እንኳ ስለሚያጋድል የላይኛው ጫፉ ከመዞሪያው ኋላ 27 ሳ.ሜ ያህል ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ያ ቦታ ባዶ ነው፤ ግድግዳውን የሚነካው አናቱ እንጂ እግሩ አይደለም። የኋላ እግሮቹን ወደዚያ 25 ሳ.ሜ አስገባቸው። ሒሳቡ 1688 ይሆናል፤ የተኛው ሰው የሚገፋው ግን 320 ብቻ። ጠርዙ ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ ማለትም ጠዋት ጫማውን የሚያስር፣ አሁንም 2000 ያደርስና ይገለብጠዋል። ስለዚህ ጀርባው ላይ ከመዞሪያው 45 ሳ.ሜ ርቀት ላይ ሁለት የሚወድቁ እግሮች ጨምር፤ ሲዘረጋ በራሳቸው ክብደት ወርደው የሚቆሙ። እግሩ ልክ 90 ዲግሪ ላይ እንዲቆም አታድርገው፤ 97 ወይም 98 ላይ ማቆሚያ ይምታ። ቀጥ ብሎ የቆመ እግር ሰው ሲገላበጥ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ትንሽ ያለፈ እግር ግን ክብደት በጨመርክበት ቁጥር ወደ ማቆሚያው ይጣበቃል።

ይህ ሶፋ ሲዘረጋ ከግድግዳ ከ30 ሳ.ሜ በላይ መሳብ አለበት። 3 በ4 በሆነ የኪራይ ክፍል ይህ ትንሽ አይደለም፤ ሳትሸጠው በፊት ለገዢው ንገረው፣ ከፊት እግሮቹ ሥርም ጎማ አድርግለት። የኋላዎቹን በጎማ አታድርግ፣ ቡና ተይዞ ሶፋው ይሸሻል።

ስለ ቱቦላሬው ጥያቄህ። 40 በ20ን 40ው ቆሞ ነው ወይስ ተጋድሞ የበየድከው? 150 ኪሎ በሁለቱ ረጃጅም ዘንጎች ላይ ቢከፋፈል፣ መሐል ድጋፍ በሌለው 190 ሳ.ሜ ላይ፣ 40ው ሲቆም ወደ 9 ሚ.ሜ ይረግባል፤ ሲጋደም ወደ 28። ከ1.5 ወደ 2 ሚ.ሜ ብታወፍረው የምታተርፈው ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ ጥንካሬ ነው፤ ማቆም ብቻ ሦስት እጥፍ በነፃ ይሰጥሃል። መሐል ላይ አንድ እግር ካስገባህ ጉዳዩ አበቃ። ለአንድ ሶፋ መቀመጫው 6.8፣ ጀርባው 6.7፣ መቆሚያው 7.5 ሜትር ያህል ስለሚወስድ አራት ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ ይበቃል፣ ቁርጥራጩ ለሚወድቁት እግሮች ይሆናል።

ርብራቡን ከደረቀ ጣውላ አድርገው፤ 7 ሳ.ሜ ስፋት፣ 1.8 ውፍረት፣ በመሐላቸው 5 ሳ.ሜ፤ ለእያንዳንዱ ወገን 16 ይገባል። በብሎን ቱቦላሬው ላይ እሰረው። ቺፑድ ላይ ብሎን አትመን፤ መታጠፍ በሚደጋገምበት ቦታ ዱቄት ይሆናል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ደሴ ጉም ውስጥ ሠርተህ ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ አየር ውስጥ ቢገባ ተጣሞ ብሎኑን ይነቅላል፤ ቢያንስ ጥላ ሥር ተደርድሮ፣ በመሐሉ አየር እየገባ የደረቀ ይሁን። የድሮው ጠፍር አልጋ ሲረግብ ባለቤቱ ራሱ ይወጥረው ነበር፤ የላስቲክ ቺንጋ የዘረጋህበት ሶፋ ግን ተሰፍቶ ስለተዘጋ ማንም አይወጥረውም። እኔ ርብራብን እመርጣለሁ።

ስፖንጁ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ይሁን፤ በሜትር ኩብ 28 ወይም 30 ኪሎ የሚመዝን። ለመቀመጫው ጥሩውን፣ ለጀርባው ለስላሳውን መስጠት ለሶፋ ልክ ነው፣ ለአልጋ ግን አንዱ ጎን ጉድጓድ ነው። መቀመጫው ቀን ቀን ስለሚሠራ ቀድሞ ይደክማል። ሁለቱንም በአንድ ልክ አድርገህ በዚፕ ልብስ ከሠራሃቸው ደንበኛው በየጥቂት ወሩ ያለዋውጣቸዋል። ጨርቁን ከመቀመጫ እስከ ጀርባ አንድ ወጥ አትስፋው፣ መታጠፊያው ላይ ይተረተራል።

የአንድ ሰው ወንበር ደግሞ ሌላ አሠራር ነው። ወደ ኋላ አይዘረጋም፤ ወደ ፊት ይጎተታል። ሦስት አካል አድርገው፣ እያንዳንዱ 64 ሳ.ሜ፤ ሲዘረጉ 192 ይሆናሉ። ስፋቱ 75፣ ክንዶቹ ከአካሎቹ በየበኩሉ 1 ሳ.ሜ ይራቁ። ሁለቱ አካላት መቀመጫ ላይ ይደራረባሉ፣ ሦስተኛው ጀርባ ይሆናል። የክብሪቱን ቀፎ አስታውስ፤ ፊት ለፊት ተገጣጥመው የሚታጠፉ ሁለት አካላት ማጠፊያቸው ከላይ፣ በስፖንጁ ፊት ልክ ይሆናል፤ ሆድ ለሆድ (የሥር ወገናቸው ተገጥሞ) የሚታጠፉት ማጠፊያቸው ከሥር፣ በቱቦላሬው የታች ጠርዝ። ሁለቱን አቀያይረህ ከሠራህ ወይ አይታጠፍም ወይ አይዘረጋም። ሲታጠፍ መቀመጫው በእጥፍ ስለሚወፍር እዚህ ስፖንጁን 8 ሳ.ሜ አድርግ፤ ስፖንጁ ብቻ 16 ሆኖ ቱቦላሬውና ርብራቡ ሲጨመርበት የመቀመጫው ከፍታ ከ45 ሳ.ሜ እንዳያልፍ እግሩን በዚያ ልክ አሳጥረው። የሚጎተተው አካል እግር የበር መቃን የመሰለ አንድ ወጥ የቱቦላሬ ቅንፍ ይሁን፤ ሁለት የተለያዩ እግሮች ካደረግህ አንዱ ሳይወርድ ሰው ይተኛበታል። እሱም 97 ዲግሪ ላይ ይቁም።

ከባድ ሆኖ ካገኘኸው ማንሻ ሞላ ጨምር፤ ክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ይሸከም። ሙሉውን ከተሸከመ አልጋው ሰው ሲነሣበት አብሮ ይነሣል። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1885 በአሜሪካ ቺካጎ ሳራ ጉድ ፓተንት ያወጣችለት ታጣፊ አልጋ፣ ሲታጠፍ የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚሆነው፣ ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ይኸው የሚታጠፉትን አካላት ክብደት ማመጣጠን ነበር።

ቀለም ከመቀባትህ በፊት የቱቦላሬውን ክፍት ጫፎች በላሜራ ወይም በላስቲክ ክዳን ዝጋ። የደሴ እርጥበት ብረትን የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ሁለት እጅ አንቲረስት ቢቀባም ከውስጥ ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላል። ክንዶቹንም አትበይድ፣ በቡሎን እሰራቸው። ዳገት ላይ ያለ ግቢ፣ ጠባብ ደረጃ፣ ጠባብ በር ባለበት ከተማ ሦስት ቦታ የማይፈታ ሶፋ ደጅ ላይ ነው የሚያድረው።

ለተመለሱልህ ሁለቱ ሶፋዎች ፍሬሙን መቁረጥ አያስፈልግም። የበር ማጠፊያዎቹን በግራይንደር ቁረጣቸው፤ የጀርባው ፍሬም እንዳለ ይቆይና የመቀመጫውን ጠፍጣፋ ብረት ከሥሩ 8 ሚ.ሜ ማራቂያ ሰጥተህ ወደ ውጭ አውጥተህ በይደው፤ መዞሪያውን 11 ሳ.ሜ ላይ አድርግ። የኋላ እግሮቹን 25 ሳ.ሜ ግፋ፣ ሁለት የሚወድቁ እግሮች ጨምር። መዞሪያውን ስታነሣ ጀርባው ወደ ፊት ስለሚቀርብ የመኝታው ስፋት ከ127 ወደ 121 ሳ.ሜ ይወርዳል፤ ይህንን ለደንበኞቹ አስቀድመህ ንገራቸው፣ አንሶላውን በድሮው ልክ አስፍተው ከሆነ ይረዝምባቸዋል።